ከእግር በታች ያለው ታሪክ፦ የኮሪያ አፓርታማ ከምዕራቡ ዓለም ቤት በምን ይለያል?

ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ ላሳስብ።

በመጀመሪያው ምስል ላይ የምታዩት ሴኡል ነው፤ ከሃን ወንዝ በስተ ደቡብ ያለው ክፍል። ቁመታቸው ተቀራራቢ፣ ቀለማቸው አንድ ዓይነት፣ በጎናቸው ላይ ትልልቅ ቁጥር የተጻፈባቸው የመኖሪያ ሕንጻዎች እንደ ሰልፈኛ ቆመዋል። ይህን ምስል ስሙን ደብቃችሁ ለአንድ የፓሪስ ነዋሪ ብታሳዩት በአእምሮው የሚመጣው የከተማው ዳር ሰፈር፣ ሥራ ያጣ ወጣት፣ የማይሠራ አሳንሰር ነው። ለሴኡል ነዋሪ ብታሳዩት ግን የሚያየው የዕድሜ ልክ ቁጠባን፣ ጥሩ ትምህርት ቤትን፣ የልጅ መዳሪያ የሚሆን ሀብትን ነው። ቫሌሪ ጀሌዞ የተባለች ፈረንሳዊት የጂኦግራፊ ምሁር ይህ ልዩነት ቢያስገርማት ለጥያቄው አንድ ሙሉ መጽሐፍ ሰጥታዋለች፤ በ2007 በኮሪያ ቋንቋ ሲታተም የወጣበት ርእስ «የአፓርታማ ሪፐብሊክ» የሚል ነው። ርእሱ የተጋነነ አይደለም። በ2020 በተደረገው ቆጠራ በደቡብ ኮሪያ ካሉት መኖሪያ ቤቶች ከመቶ 60 የሚበልጡት አፓርታማዎች ነበሩ።

የእኔ መከራከሪያ አጭር ነው። ኮሪያ ከምዕራቡ ዓለም የተቀበለችው የሕንጻውን ቅርፊት ነው፤ ቤቱን አልተቀበለችም። በቅርፊቱ ውስጥ ሁለት አሮጌ ነገሮች ገብተው ተቀመጡ። አንደኛው ከእግር በታች ያለ ሙቅ ወለል ነው። ሁለተኛው ቤትን ያለ ወርኃዊ ኪራይ፣ በተቀመጠ ገንዘብ የመያዝ ልማድ ነው። የመጀመሪያው አፓርታማውን ለኑሮ የሚመች አደረገው፤ ሁለተኛው ደግሞ ለንግድ የሚመች አደረገው። እነዚህ ሁለቱ አብረው በሰላም አልኖሩም።

በቅድሚያ ግን «ምዕራባዊ ቤት» የምንለው የትኛውን ነው? የእንግሊዝ የተያያዘ ረድፍ ቤት፣ የፓሪስ ባለ ስድስት ፎቅ የኪራይ ሕንጻ፣ ከ1947 ጀምሮ ከኒው ዮርክ ወጣ ብሎ በሌቪታውን እንደ ፋብሪካ ዕቃ የተመረተው የአሜሪካ ባለ ግቢ ቤት አንድ አይደሉም። የሚያመሳስላቸው ነገር ግን አለ። ሙቀት የሚመጣው ከግድግዳ ወይም ከማእዘን ነው፤ ሰው ከወለሉ ከፍ ብሎ በወንበርና በአልጋ ላይ ይኖራል፤ ክፍሉም ስሙን የሚያገኘው በውስጡ ከተተከለው ዕቃ ነው። አልጋ ያለበት መኝታ ቤት፣ ትልቁ ገበታ ያለበት መመገቢያ ቤት ይባላል። ወለሉ መረገጫ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ክብር የለውም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይኸው ምዕራብ ለቤት እጦቱ መፍትሔ ይሆናል ብሎ ረጃጅም የመኖሪያ ሕንጻዎችን ሠራ። ለኮርቡዚየ በማርሴይ የሠራው ሕንጻ በ1952 ሲጠናቀቅ የአዲስ ኑሮ አብነት ተደርጎ ታየ። ብዙም ሳይቆይ ግን ነገሩ ተበላሸ። በለንደን ሮናን ፖይንት የተባለው ባለ 22 ፎቅ ሕንጻ በግንቦት 1968 በጋዝ ፍንዳታ አንድ ማእዘኑ ከላይ እስከ ታች ተንዶ 4 ሰዎች ሞቱ። በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ ፕሩት አይጎ የተባለው የ33 ሕንጻዎች ሰፈር ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላው በ1972 በፈንጂ ይፈርስ ጀመር። በፈረንሳይ ደግሞ ሚኒስትሩ ኦሊቪየ ጊሻር በ1973 ባወጡት መመሪያ የግዙፍ የመኖሪያ ሰፈሮች ግንባታ እንዲያበቃ ተደረገ። ልብ በሉ፤ ምዕራቡ ከዚህ ዓይነት ሕንጻ ፊቱን ባዞረባቸው በእነዚያው ዓመታት ነው ኮሪያ ፊቷን ወደ እርሱ የመለሰችው።

አሁን ወደ ወለሉ ልውረድ፤ እዚህ ላይ ጥቂት እቆያለሁ። የኮሪያ ነባር ቤት የሚሞቅበት ብልሃት ኦንዶል ይባላል። ከክፍሉ ውጭ፣ በአብዛኛው በማድ ቤቱ በኩል፣ ከክፍሉ ወለል ዝቅ ብሎ የተሠራ ምድጃ አለ። ሩዝ የሚበስልበት ድስት ከላይ እንደ ተጣደ እሳቱና ጢሱ ከክፍሉ ሥር በተሠሩ የድንጋይ ቦዮች ውስጥ ይሄድና በወዲያኛው ጫፍ ባለው የጢስ ማውጫ ይወጣል። ቦዮቹ በጠፍጣፋ ድንጋይ ይከደናሉ፤ በድንጋዩ ላይ ጭቃ ይለሰናል፤ በጭቃው ላይ ወፍራም ወረቀት ተለጥፎ ዘይት ይቀባል። አንድ እሳት ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ምግቡን ያበስላል፣ ቤቱን ያሞቃል። ጢሱ ከሰዉ ዓይን ጋር ሳይገናኝ ሙቀቱን ለድንጋዩ አስረክቦ ይሄዳል፤ እሳቱ ከጠፋም በኋላ ድንጋዩ ሌሊቱን ሙቀቱን ይዞ ያድራል።

ከዚህ አንድ ነገር ብዙ ነገር ይከተላል። ወለሉ ሙቅ ከሆነ ወንበርና አልጋ ምን ያደርጋል? ሰው ወለል ላይ ይቀመጣል፣ ይበላል፣ ይተኛል። እንግዲያውስ በጫማ የሚረገጥ አይደለም። ፍራሹ ጠዋት ተጣጥፎ በሣጥን ይገባል፤ በምግብ ሰዓት ትንሽ ገበታ ይቀርባል፣ ከምግብ በኋላ ይነሣል፤ ያው ክፍል ማታ መኝታ፣ ቀን መመገቢያ፣ ከሰዓት በኋላ የልጆች ማጥኛ ነው። ማዕረግም በወለሉ ላይ ተጽፏል። ለምድጃው ቅርብ የሆነው ስፍራ ከሁሉ ይሞቃል፤ የሚሰጠውም ለሽማግሌና ለክብር እንግዳ ነው። ወጣቱ ወደ ብርዱ ፈቀቅ ይላል። በአውሮፓ የክብር ስፍራ የገበታው ራስ ሲሆን እዚህ ሙቀቱ ነው።

ለበጋውም ሌላ ወለል ነበር። በክፍሎቹ መካከል ከመሬት ከፍ ብሎ የተነጠፈ፣ በግቢው በኩል ክፍት የሆነ የእንጨት ወለል ማሩ ይባላል (ከማር ጋር ዝምድና የለውም)። ከፊቱ ማዳንግ የሚባለው ግቢ አለ፤ እህል የሚሰጣበት፣ ሠርግ የሚደገስበት፣ የኪምቺና የአኩሪ አተር ድልህ ጋኖች ፀሐይ በሚያገኙበት ጥግ የሚደረደሩበት ስፍራ ነው።

ኦንዶልን ሳወድስ ዋጋውን አልደብቅም። በጆሰን ዘመነ መንግሥት መጨረሻ በከተሞች ዙሪያ ያሉ ኮረብታዎች ለተራቆቱበት ምክንያት አንዱ ይኸው ማገዶ በላ ወለል ነው። አንድ ነገር በጎን ልጨምር። አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍራንክ ሎይድ ራይት ኢምፔሪያል ሆቴልን ለመሥራት ወደ ቶኪዮ በተመላለሰበት ጊዜ በባሮን ኦኩራ ቤት «የኮሪያ ክፍል» ወደሚባል ክፍል ይገባል። ምድጃ ሳይታይ ብርዱ መጥፋቱ ገረመው። በ1937 በዊስኮንሲን ግዛት፣ በማዲሰን ከተማ በሠራው የጄኮብስ ቤት ማሞቂያ ቧንቧውን ከወለሉ ሥር ቀበረው። ስለ ምዕራቡ ተጽዕኖ ብቻ ስንናገር የምንረሳው ይህን የተገላቢጦሽ ጉዞ ነው።

ወደ ጦርነቱ ልለፍ። የእኛው የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ከ1951 ጀምሮ የተዋጉባት ኮሪያ በከተሞቿ ረገድ የፍርስራሽ አገር ነበረች፤ ሴኡል ብቻዋን በአንድ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ተዛውራለች። ከጦርነቱ በኋላ ከገጠሩም ከሰሜኑም ሰው ጎረፈባት። በ1960 ወደ 2.4 ሚሊዮን የነበረው ሕዝቧ በ1970 ከ5 ሚሊዮን አለፈ። መጤው በኮረብታው ላይና በወንዙ ዳር በሳንቃና በድንኳን ጨርቅ ደሳሳ ጎጆ ቀለሰ።

የመጀመሪያዎቹ አፓርታማዎች ለዚህ ችግር በቂ አልነበሩም፤ እንደ ማሳያ የቆሙ ነበሩ። በ1958 የተመረቀው የጆንጋም አፓርታማ ቤት ውስጥ የውኃ መጸዳጃ ስለነበረው ፕሬዚዳንት ሲንግማን ሪ ራሳቸው ተገኝተው ነበር። ሽንት ቤትና የሚስት ወላጆች ቤት በራቁ መጠን ይሻላሉ የሚል ተረት ላለው ሕዝብ መጸዳጃን ከመኝታ ቤት ጎን ማስገባት ቀላል አብዮት አይደለም። በ1962 ደግሞ የፓርክ ቹንግ ሂ ወታደራዊ መንግሥት የማፖ አፓርታማን አስመረቀ። የመጀመሪያው እቅድ 10 ፎቅ፣ አሳንሰርና ማዕከላዊ ማሞቂያ ነበር፤ ወጪው ስላልተቻለ ወደ 6 ፎቅ ወረደ፣ አሳንሰሩም ቀረ፣ እያንዳንዱ ቤት በከሰል ጡብ የሚሠራ ማሞቂያ ተሰጠው። ቤቶቹ ወዲያው አልሞሉም። የከሰል ጡቡ ጢስ በየክረምቱ በየሰፈሩ ሰው ይገድል ስለነበር በተዘጋ የኮንክሪት ቤት ውስጥ ከእርሱ ጋር ማደር አስፈራ።

ከዚያ መጥፎው ቀን መጣ። የሴኡል ከንቲባ ኪም ህዮን ኦክ (ሕዝቡ «ቡልዶዘር» ይላቸው ነበር) የኮረብታውን ጎጆዎች አፍርሰው ለድሆች «የዜጎች አፓርታማ» በጥድፊያ ያሠሩ ነበር። ሚያዝያ 8 ቀን 1970 ማለዳ፣ ከተጠናቀቀ ጥቂት ወራት ብቻ የሆነው የዋኡ አፓርታማ አንዱ ሕንጻ ከተዳፋቱ ላይ ተደርምሶ ከ30 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከንቲባው ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

ሮናን ፖይንትንና ዋኡን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ተመልከቱ። ከለንደኑ አደጋ በኋላ እንግሊዞች ለድሆች የሚሠራ ረጅም ሕንጻን ማመን አቆሙ። ከሴኡሉ አደጋ በኋላ ኮሪያውያን ያቆሙት ሌላ ነገር ነው፤ የቆመው ለድሆች መሥራቱ ነው። ሕንጻው ቀጠለ፣ ነዋሪው ተለወጠ። በዚያው በ1970 የመንግሥቱ የቤቶች ኮርፖሬሽን በሃን ወንዝ ዳር «ሃንጋንግ ማንሽን» የተባለ ሰፈር ለመካከለኛው መደብ ሠራ፤ ለገዢዎችም የማሳያ ቤት አቆመላቸው። በ1971 በዮዊዶ ደሴት ከ10 ፎቅ በላይ የሆኑ ባለ አሳንሰር ሕንጻዎች ተነሡ። ከዚያም ባንፖ፣ ጃምሺል፣ አፕጉጆንግ፤ የቀድሞው የጋንግናም እርሻ በሙሉ። ስመ ጥሩው የግዮንጊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ1976 ወንዙን ተሻግሮ እዚያው እንዲሄድ ሲደረግ ወላጆች ተከትለውት ተሻገሩ። እንግዲህ የፓሪሱና የሴኡሉ ተመልካች አንድን ምስል ለየቅል የሚያነቡበት ዋና ምክንያት እዚህ ላይ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው መጀመሪያ ማን እንዲገባበት ተደረገ የሚለው ነው።

ይህ ግን ሰዎቹ ለምን እንደ ገቡ እንጂ ለምን እንደ ወደዱት አይነግረንም። ለዚያ በሩን መክፈት አለብን። የምዕራቡን ኑሮ ያመጣል የተባለው አፓርታማ መጀመሪያ ላይ ሳሎኑን በግድግዳ ራዲያተር ያሞቅ፣ መኝታ ቤቱን ብቻ በኦንዶል ይተው ነበር፤ ዘመናዊው ሰው ሳሎን ውስጥ በወንበር ይቀመጣል ተብሎ ነዋ! ነዋሪው ግን በክረምት ሳሎኑን እየተወ ወደ ሙቁ ወለል ገባ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ መሐንዲሶቹ ተሸነፉ፤ የሙቅ ውኃ ቧንቧ በሳሎኑም፣ በሁሉም ክፍል ወለል ሥር ተዘረጋ። ሶፋውም ገባ፤ ዳሩ ግን እስከ ዛሬ ብዙ ኮሪያውያን ሶፋውን መደገፊያ አድርገው ከፊቱ ወለሉ ላይ ይቀመጣሉ። ጫማ በመግቢያው ዝቅ ባለ ስፍራ ይወልቃል። ትልቁ መኝታ ቤት ዛሬም የሚጠራው በነባሩ ስም «አንባንግ»፣ የውስጠኛው ክፍል፣ ተብሎ ነው፤ አረጋውያን ሳሎኑን ማሩ ሲሉ ትሰማላችሁ።

ካርታውንም ተመልከቱ። በምዕራቡ አፓርታማ ክፍሎች ብዙውን ጊዜ በኮሪደር ይደረደራሉ፤ ሰው ሌላውን ሳያይ ወደ ክፍሉ መግባት ይችላል። በኮሪያው አፓርታማ ሳሎኑ መካከል ላይ ነው፤ የመኝታ ቤቶቹ በሮች ወደ እርሱ ይከፈታሉ፤ ፊቱንም ወደ ደቡብ ፀሐይ ያዞራል። የድሮው ግቢ ጣሪያ ተከድኖለት አምስተኛ ፎቅ ላይ ወጣ ማለት ይቻላል። ጋኖቹም በረንዳ ላይ ወጡ። በረንዳው ግን ለኪምቺ እንደ መሬቱ ሆድ አልሆነለትም፤ በ1995 «ዲምቼ» የተባለ የኪምቺ ብቻ ማቀዝቀዣ ገበያ ላይ ሲውል እንደ ጉድ ተሸጠ። የሸክላ ጋን ሥራን ኤሌክትሪክ ተረከበው። በነገራችን ላይ ይህ ሁሉ ስምምነት ያለ ጠብ አልመጣም። ባዶ እግር የሚሮጥበት የአንዱ ቤት ወለል ለታችኛው ቤት ጣሪያ ስለሆነ በፎቆች መካከል የሚሰማ ድምፅ በኮሪያ ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያካስስ ከባድ ማኅበራዊ ችግር ሆኗል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ጆንሴ የሚባለውን የኮሪያ የቤት አያያዝ ለውጭ አገር ሰው ማስረዳት ያስቸግራል፤ ለእኛ ግን ቃሉ አለን፤ ወለድ አገድ ነው። በገጠራችን ገንዘብ ያበደረ ሰው በወለድ ፈንታ የተበዳሪውን መሬት ያርሳል፤ ገንዘቡ ሲመለስለት መሬቱን ይለቃል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በዚሁ ስም ያውቀዋል። በጆንሴ ተከራዩ የቤቱን ዋጋ እኩሌታ፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጥ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ለባለቤቱ ያስረክባል፤ ወርኃዊ ኪራይ አይከፍልም፤ የውሉ ዘመን ሲያልቅ ገንዘቡን ሙሉ በሙሉ ይመልሳሉ። ልማዱ የቆየ ነው፤ በ1910 የጃፓን ቅኝ ገዢዎች የአገሩን ልማድ ሲመዘግቡ ቀድሞውኑ ተስፋፍቶ አግኝተውታል።

አፓርታማው ሲመጣ ይህ አሮጌ ልማድ የአዲሱ ሞተር ሆነ። መንግሥት ባንኮች ገንዘባቸውን በአመዛኙ ለኢንዱስትሪ እንዲያውሉ በሚያዝበት ዘመን ለቤት ግዢ የሚያበድር ማን ነበር? ተከራዩ። አንድ ሰው የተከራዩን ገንዘብ ተቀብሎ፣ የራሱን ጨምሮበት ሁለተኛ ቤት ይገዛል። አፓርታማዎቹም ገና ሳይሠሩ በእጣ ይሸጣሉ፤ ገዢው በየጊዜው የሚከፍለው ገንዘብ ግንባታውን ያካሂዳል። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የአዲስ አፓርታማ መሸጫ ዋጋ ከገበያው በታች እንዲሆን መንግሥት ስለ ወሰነ እጣ የወጣለት ሰው ገና በሩን ሳይከፍት አተረፈ። በምዕራብ አውሮፓ መንግሥት ራሱ ሠርቶ ለሠራተኛው ሲያከራይ በኮሪያ መንግሥት ደንቡን አወጣ፣ መሬቱን አዘጋጀ፤ ገንዘቡን ያመጣው ቆጣቢው ቤተሰብ ነው። የመካከለኛው መደብ አፓርታማ ውስጥ መግባቱን ብቻ ሳይሆን አፓርታማው የመካከለኛውን መደብ መፍጠሩንም መናገር ይገባል።

ቆጥቦ እጣ ውስጥ መግባት ያልቻለውስ? ከሴኡል ጎጆዎች የተነሡ ብዙ ሺህ ሰዎች ዛሬ ሶንግናም በምትባለው ከተማ ስፍራ፣ በባዶ ኮረብታ ላይ ሥራም ውኃም በቅጡ በሌለበት ተራገፉ፤ ነሐሴ 10 ቀን 1971 አመፁ። ጸሐፊው ቾ ሴ ሂ በ1978 ባሳተመው የታወቀ ልብ ወለድ የተረከው አዲስ አፓርታማ ውስጥ የመግባት መብቱን ለመሸጥ ስለ ተገደደ ድሃ ቤተሰብ ነው፤ መብቱ በወረቀት ተሰጥቶት ክፍያውን የማይችል ሰው ወረቀቱን ለደላላ ይሸጥ ነበርና። ከ1988ቱ ኦሎምፒክ በፊት የሳንግዬ ዶንግ ነዋሪዎች ተፈናቀሉ። ጥር 20 ቀን 2009 በዮንግሳን ሰፈር መልሶ ግንባታን ተቃውመው ጣሪያ ላይ በወጡ ተከራዮችና በፖሊስ መካከል በተፈጠረ ግጭት እሳት ተነሥቶ 6 ሰዎች ሞቱ፤ 5ቱ ተቃዋሚዎች፣ አንዱ ፖሊስ። በቅርቡ ደግሞ የጆንሴ ገንዘባቸውን የተበሉ ብዙ ወጣቶች በመኖራቸው በ2023 ልዩ ሕግ ማውጣት ግድ ሆነ። ወለድ አገዱ የሚሠራው የቤት ዋጋ እስከ ወጣ ድረስ ብቻ ነው፤ ዋጋው ሲወርድ ባለቤቱ የሚመልሰው ገንዘብ የለውም።

እዚህ ላይ ሁለቱ አሮጌ ነገሮች ይጋጫሉ ያልሁትን ላስረዳ። ሙቁ ወለል ሰው እንዲቆይ ይፈልጋል፤ የነባሩ ቤት ድንጋይ የተነጠፈው ለልጅ ልጅ ነው። ገንዘቡ ግን ሕንጻው እንዲፈርስ ይፈልጋል፤ በአንድ ባለ 5 ፎቅ ሕንጻ ፈንታ ባለ 30 ፎቅ ከተሠራ ባለቤቱ አዲስ ቤት ያገኛል፣ ትርፉ ፎቅ ደግሞ ተሸጦ ወጪውን ይሸፍናል። የማፖ አፓርታማ ሠላሳ ዓመት ገደማ ብቻ ኖሮ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፈረሰ። በምዕራቡ ዓለም ያልተወደደ ሕንጻ ይፈርሳል፤ እዚህ የሚፈርሰው በጣም የተወደደው ነው። የሴኡል አስተዳደር ከባንፖና ከጃምሺል አሮጌ ሰፈሮች አንዳንድ ሕንጻ ለመታሰቢያ ይቆይ ብሎ ሐሳብ ሲያቀርብ አጥብቀው የተቃወሙት ባለቤቶቹ ራሳቸው ነበሩ።

የመጨረሻውን ምስል ልያችሁና ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንሂድ። አንድ አሮጌ ሰፈር እንዲፈርስ ለመፍቀድ ሕጉ የደኅንነት ምርመራ ይጠይቅ ነበር፤ ሕንጻው ለኑሮ አደገኛ መሆኑ መረጋገጥ ነበረበት። በምስሉ ላይ በሕንጻው ግንባር የተሰቀለውን ትልቅ ጨርቅ ተመልከቱ። የሰቀሉት ነዋሪዎቹ ናቸው። ጽሑፉ ሲተረጎም «የደኅንነት ምርመራውን ስላለፍን እንኳን ደስ አለን» ይላል፤ ማለፍ ሲሉ ቤታቸው አደገኛ ነው ተብሎ መፈረዱን ነው። ከጨርቁ በላይ በሦስተኛው ፎቅ በረንዳ ላይ፣ ትንሽ ቢደበዝዝም፣ አራት የሸክላ ጋኖች ይታያሉ።